የሩሲያን ታዳጊ የሆኪ ተጫዋቾች በምን ሚዛን እንመዝናቸው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከሩሲያ ስለሚወጡ ተስፈኛ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች በአማርኛ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። በቋንቋችን ስለዚህ ስፖርት የሚጻፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ የጸሐፊው ድካም ምስጋና ይገባዋል። አንባቢም የሚያጣ ጉዳይ አይደለም፤ አሌክሳንደር ኦቬችኪን የተጫዋችነት ዘመኑን ባሳለፈባት በዋሽንግተን፣ ኪሪል ካፕሪዞቭ በሚጫወትባት በሚኒሶታ ግዛት ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ነገር ግን ጽሑፉ የደረሰበት ድምዳሜ ከመነሻው የተሳሳተ ሚዛን ላይ የቆመ ሆኖ ስላገኘሁት ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት ግድ ሆኖብኛል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ሩሲያዊ ታዳጊ በ16 ወይም በ17 ዓመቱ ወደ ሰሜን አሜሪካ ከተሻገረ ይሳካለታል፤ አገሩ ከቆየ ይባክናል። ለዚህም ማስረጃ እንዲሆኑ አንድሬይ ስቬችኒኮቭንና ቪታሊ ክራቭትሶቭን ጎን ለጎን አቁመዋል። በሩሲያው ከፍተኛ ሊግ፣ በኬኤችኤል፣ ታዳጊዎች የሚያገኙት ነጥብ ከካናዳ የወጣቶች ሊግ ነጥብ ማነሱንም የድክመት ምልክት አድርገው ወስደውታል። ቀጥለው የሩሲያ ክለቦች ወደ ሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ፣ ወደ ኤንኤችኤል፣ ሊሄዱ ያሰቡ ልጆችን ለቅጣት ሲሉ ወንበር እንዲያሞቁ ያደርጓቸዋል፣ በሊጉ የታዳጊዎች ምርጫ (ድራፍት) የሚገኝ ተራ የችሎታ ልክ ነው፣ አገር ቤት የሚቆዩት ለገንዘብ ሲሉ ነው፣ ከኤንኤችኤል የተመለሰም አበቃለት ይላሉ። መዝጊያቸው ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣ ሩሲያዊ በሊጉ ታሪክ ውስጥ ቦታ አይኖረውም የሚል ነው።

እነዚህን ሁሉ የሚያያይዛቸው አንድ ጉድለት አለ። ጸሐፊው አገርን ከአገር ሲያነጻጽሩ ልጁ በስንት ዓመቱ፣ ከነማን ጋር፣ በአንድ ጨዋታ ስንት ደቂቃ ሜዳ ላይ እንደዋለ አልጠየቁም። ይህ ሳይጠየቅ የሚደረግ ንጽጽር፣ ስሞቹ ቢለዋወጡም፣ የተፈለገውን መልስ ሁሉ ይሰጣል።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ሁለቱም ልጆች በ2018ቱ ድራፍት የተመረጡ ናቸው፤ ድራፍት ማለት የኤንኤችኤል ክለቦች ተራ ጠብቀው የታዳጊዎችን የማስፈረም መብት በየዓመቱ የሚከፋፈሉበት ሥርዓት ነው። ስቬችኒኮቭ ከባርናውል ተነሥቶ በአሜሪካ ሙስኬጎን፣ በካናዳ ባሪ ተጫውቶ በ2ኛ ተራ ካሮላይና ወሰደው፤ በ18 ዓመቱም በቀጥታ ወደ ትልቁ ሊግ ገብቶ በ82 ጨዋታ 20 ግብ አገባ። በ9ኛ ተራ ኒውዮርክ ሬንጀርስ የመረጠው ክራቭትሶቭ ግን ከቼልያቢንስኩ ትራክቶር በ2019 መጥቶ መደላደል አቃተው፤ ተመለሰ፣ እንደገና መጣ፣ በ2023 ለቫንኩቨር ከተሰጠ በኋላም ወደ ትራክቶር ተመለሰ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን እኔ በበኩሌ ናይል ያኩፖቭንና ካፕሪዞቭን ባቆም ምን ይባላል? ያኩፖቭ በልጅነቱ ከኒዥኔካምስክ ወደ ካናዳዋ ሳርኒያ ሄዶ በመጀመሪያው ዓመት በ65 ጨዋታ 101 ነጥብ አስመዘገበ፤ በ2012 ድራፍት ከሁሉ በፊት የተጠራው ስም የእሱ ነበር። በኤንኤችኤል የቆየው 350 ጨዋታ ነው፤ በ2018 ወደ ሩሲያ ሲመለስ የነጥቡ ድምር 136 ብቻ ነበር። ካፕሪዞቭ በአንጻሩ እስከ 23 ዓመቱ አገሩ ቆይቶ መጣ፤ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ የካልደር ዋንጫን ወሰደ፣ በሁለተኛው 47 ግብና 108 ነጥብ አስመዘገበ። በዚህ ጥንድ ብቻ ብፈርድ የጸሐፊው ተቃራኒ ድምዳሜ ላይ እደርሳለሁ፤ የእኔም ድምዳሜ እንደ እሳቸው ስሕተት ይሆናል።

ከጥንዱ ምርጫ የባሰ ችግርም አለ። በ16 ዓመቱ ባሕር የሚሻገር ልጅ ከመሄዱ በፊትም የተመረጠ ልጅ ነው። ወኪል አግኝቷል፣ ቤተሰቡ ቆርጧል፣ የውጭ አገር ክለብም አይቶ ወዶታል። ስቬችኒኮቭ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ዬቭጌኒ በካናዳ የወጣቶች ሊግ አልፎ በ2015 በዲትሮይት ከተመረጠ በኋላ የተከተለ ነው፤ መንገዱ ቀድሞ ተጠርጎለታል። እንዲህ ያለው ልጅ ሲሳካለት ምስጋናውን ሁሉ ለጉዞው መስጠት አይቻልም። ስቬችኒኮቭን ስቬችኒኮቭ ያደረገችው ሙስኬጎን አይደለችም።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት ኒኪታ ኩቼሮቭ ደግሞ ከሁለቱም ሳጥን አይገባም። በ2011 በ58ኛ ተራ በታምፓ ተመርጦ አንድ ዓመት በሞስኮው ሲኤስኬኤ ቆየ፤ በዋናው ቡድን በቂ ጨዋታ ሳያገኝ ስለቀረ በ19 ዓመቱ ወደ ካናዳዋ ኬቤክ ሄደ። ከዚያ ሩዋን ኖራንዳ፣ ከዚያ የታምፓ መጋቢ ቡድን ሲራኪዩዝ፣ ከዚያ ትልቁ ሊግ። የኤንኤችኤል ሻምፒዮን የሚወስደውን ስታንሊ ዋንጫ ሁለት ጊዜ ያነሣው፣ በ2018/19 በ128 ነጥብ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ኩቼሮቭ ካናዳ የሄደው ሞስኮ ያጣውን የመጫወቻ ደቂቃ ፍለጋ ነው። የእሱን ታሪክ «ቶሎ የሄደ» ወይም «የቆየ» በሚል ቃል መጠቅለል አይቻልም።

ሁለተኛው ነጥብ የቁጥር ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላየው እፈልጋለሁ። ነጥብ ማለት ተጫዋቹ ያገባውና ለግብ ያመቻቸው ድምር ነው። ጸሐፊው ኢቫን ዴሚዶቭ በ2024/25 ለሴንት ፒተርስበርጉ ኤስካ በ65 ጨዋታ ያገኘውን 49 ነጥብ ካናዳ ውስጥ በዕድሜ እኩዮቹ ከሚያገኙት መቶና ከዚያ በላይ ነጥብ ጋር አስተያይተው «እምብዛም አይደለም» ብለዋል። ያ 49 ነጥብ ግን ከ20 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች በኬኤችኤል ታሪክ በአንድ የውድድር ዘመን ያስመዘገበው ከፍተኛው ነው። የካናዳው ሊግ ከ16 እስከ 20 ዓመት ያሉ ልጆች እርስ በርስ የሚገናኙበት ሲሆን በኬኤችኤል ግን የ19 ዓመቱ ልጅ ፊት የሚቆመው የ30 ዓመት ጎልማሳ፣ ብዙ ጊዜም ኤንኤችኤልን ያየ ተከላካይ ነው።

የደቂቃው ነገር ከዚህ ይብሳል። አንድ የሆኪ ቡድን ሦስት ሦስት አጥቂዎችን በአራት ረድፍ ከፍሎ በየአርባና ሃምሳ ሰከንዱ እያፈራረቀ ያስገባል፤ የመጀመሪያው ረድፍ አጥቂ ከ60ው ደቂቃ 18 ወይም 20 ያህሉን ሜዳ ላይ ያሳልፋል። ዴሚዶቭ በዚያ ዓመት በተደጋጋሚ የተመዘገበው አሥራ ሦስተኛ አጥቂ ሆኖ ነው። አሥራ ሦስተኛ አጥቂ ማለት ከአራቱም ረድፍ ውጭ የሆነ፣ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ አሠልጣኙ ትከሻውን እስኪነካው የሚጠብቅ ልጅ ነው። ጓደኞቹ በአጥሩ ላይ እየዘለሉ ሲወጡና ሲገቡ እሱ እግሩ እየቀዘቀዘ ይቆያል፤ ሲገባም በአርባ ሰከንድ ውስጥ አንድ ነገር መሥራት አለበት፤ ፓኩን (በዱላ የምትመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) ካስነጠቀ ደግሞ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ላይነሣ ይችላል። በዚህ ዓይነት የተቆጠሩ ጨዋታዎችን ከሃያ ደቂቃ ጨዋታዎች ጋር እኩል አድርጎ ለ65 ማካፈል ልጁን መበደል ነው።

ጸሐፊው ተጫዋቾቹ ወደ ኤንኤችኤል ሲሻገሩ ነጥባቸው ምን ያህል እንደሚቀንስ ቢያሰሉ ኖሮ ነገሩ ይገለጥላቸው ነበር። ካፕሪዞቭ በሩሲያ በመጨረሻው ዓመት በ57 ጨዋታ 62 ነጥብ፣ በሚኒሶታ በመጀመሪያው ዓመት በ55 ጨዋታ 51 ነጥብ አገኘ። አርቴሚ ፓናሪን በኤስካ በ54 ጨዋታ 62፣ በቺካጎ በ80 ጨዋታ 77። ማትቬይ ሚችኮቭ በሶቺ በ47 ጨዋታ 41፣ በፊላደልፊያ በ80 ጨዋታ 63። በየጨዋታው ሲካፈል ቅናሹ ከመቶ 10 እስከ 16 ያህል ነው። ያኩፖቭ ግን በሳርኒያ በመጀመሪያው ዓመት በየጨዋታው አንድ ተኩል ነጥብ የነበረው፣ በኤድመንተን የመጀመሪያ ዓመቱ በ48 ጨዋታ 31 ነጥብ አገኘ፤ ከግማሽ በላይ ወረደ። ሦስቱ የተሳካላቸው ስለሆኑ ከእነሱ ሕግ አላወጣም፤ ሆኖም የኬኤችኤል ነጥብ ትንሽ መስሎ የሚታየው ክብደቱ ስለሚበልጥ መሆኑን ያሳያሉ።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ኤስካ ሚችኮቭንም ዴሚዶቭንም የሚገባቸውን ያህል አላጫወታቸውም፤ ይህን የሚክድ የለም። «ሆን ተብሎ ለቅጣት» የሚለው ግን የክለቡን አሠራር አያስረዳም። ኤስካ በየዓመቱ ዋንጫ የሚጠበቅበት፣ በታወቁ ተጫዋቾች የተሞላ ክለብ ነው፤ አሠልጣኙ የሚጠየቀው ስለ ዛሬው ውጤት እንጂ የነገው ኮከብ እንዴት እንዳደገ አይደለም። ልጁ ከስሕተቱ እንዲማር ጊዜ የመስጠት ትዕግሥት እንዲህ ባለ ክለብ አይገኝም። ሚችኮቭ የተከፈተው በሰንጠረዡ ግርጌ ወደሚኖረው ወደ ሶቺ በውሰት ከሄደ በኋላ መሆኑ የሚናገረው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ፈጽሞ ያላነሡትን አንድ ቦታ ልጥቀስ፤ ለእኔ የክርክሩ እምብርት ያለው እዚያ ነው። በሳይቤሪያ የድንጋይ ከሰልና የብረት ከተማ የሆነችው ኖቮኩዝኔትስክ ሜታሉርግ የሚባል ክለብ አላት። ክለቡ ድሃ ነበር፤ በኬኤችኤል ቆይታው ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ይገኝ ነበር፤ በ2017 ከናካቴው ከሊጉ ወጣ። እዚያ ጥርሳቸውን የነቀሉት ግን እነማን ናቸው? ካፕሪዞቭ በ17 ዓመቱ ከጎልማሶች ጋር መጫወት የጀመረው በዚያ ነው። ሁለት ጊዜ የኤንኤችኤል ምርጥ ግብ ጠባቂ የተባለውና በ2024 እና በ2025 ከፍሎሪዳ ጋር ስታንሊ ዋንጫ ያነሣው ሰርጌይ ቦብሮቭስኪ የዚያው ከተማ ልጅ ነው። በ2018 ከዋሽንግተን ጋር ዋንጫ የወሰደው ተከላካዩ ድሚትሪ ኦርሎቭም እንዲሁ። ኢልያ ሶሮኪን ወደ ሲኤስኬኤ ከመዛወሩ በፊት የግቡን መረብ የጠበቀው ለሜታሉርግ ነው። ክለቡ ውድ ተጫዋች የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ያሉትን ልጆች ያሰልፍ ነበር፤ ይሸነፉ ነበር፣ በማግሥቱም መልሶ ያሰልፋቸው ነበር። አንድ ተስፈኛ ልጅ ሩሲያ ውስጥ ይቆይ ወይስ ይሂድ ተብሎ ከመጠየቁ በፊት የሚቆየው ኤስካ ነው ወይስ እንደ ኖቮኩዝኔትስክ ያለ ክለብ መባል ነበረበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሩሲያና ካናዳ መካከል ካለው ይሰፋል።

ወንበር ማሞቅ የሩሲያ ብቻ ፈሊጥም አይደለም። ሚችኮቭ ፊላደልፊያ በገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በኅዳር 2024፣ ሳይታመምና ሳይጎዳ ለሁለት ጨዋታ ከተሰላፊዎች ዝርዝር ወጥቶ ነበር። ያን ጊዜ አሠልጣኙ እያስተማረው ነው ተባለ። አንዱን ድርጊት ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ቅጣት፣ ፊላደልፊያ ላይ ትምህርት ብሎ መጥራት ከጸሐፊው የማልጠብቀው ነው።

የድራፍቱን ተራ በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ካፕሪዞቭ 135ኛ፣ ግብ ጠባቂው ኢጎር ሼስተርኪን 118ኛ፣ ፓቬል ዳትስዩክ በ1998 171ኛ ነበሩ፤ ፓናሪንንና ቦብሮቭስኪን ከነጭራሹ የመረጣቸው የለም። ሚችኮቭ በ2023 እስከ 7ኛ የወረደው ከኤስካ ጋር እስከ 2026 የሚዘልቅ ውል ስለነበረው ብዙ ክለቦች ሦስት ዓመት መጠበቅ ስላልፈለጉ ነው። የሩሲያውያን ተራ ከችሎታ ጋር የውልንና የፖለቲካን ፍርሃት አብሮ የያዘ ቁጥር ነው።

«ለገንዘብ ሲሉ ይቆያሉ» የሚለው ነጥብ ላይ ጸሐፊው የኤንኤችኤልን የውል ደንብ የተመለከቱት አይመስለኝም። አዲስ ገቢ ተጫዋች ደመወዙ በጣሪያ የተገደበ የመግቢያ ውል ይፈርማል፤ ከ18 እስከ 21 ዓመት ያለ ለሦስት ዓመት፣ 22 ወይም 23 የሆነ ለሁለት ዓመት። በ2020 ክረምት በ23 ዓመቱ የፈረመው ካፕሪዞቭ የውሉ አንደኛ ዓመት አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ስለተቆጠረለት፣ 55 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ በ2021 የ5 ዓመት የ45 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ በ2025 ደግሞ በሊጉ ታሪክ ተወዳዳሪ ያልነበረውን የ8 ዓመት የ136 ሚሊዮን ዶላር ማራዘሚያ አገኘ። በ18 ዓመቱ የገባው ስቬችኒኮቭ ሦስት ሙሉ ዓመት በመግቢያ ደመወዝ ከተጫወተ በኋላ በዚያው በ2021 የ8 ዓመት የ62 ሚሊዮን ውል ነው የፈረመው። መቆየት ገንዘብ ያስገኛል ከተባለም፣ ጥቅሙ የሚመጣው ጸሐፊው እንዳሰቡት ከሩሲያ ክለብ ካዝና ብቻ አይደለም።

ደግሞም ሁልጊዜ ምርጫ አለ ብሎ መናገር አይቻልም። ከየካቲት 2022 ጦርነት በኋላ የካናዳ የወጣቶች ሊጎች በዚያ ዓመት የውጭ ታዳጊዎች ምርጫ ሩሲያውያንንና ቤላሩሳውያንን ከልክለዋል፤ ጸሐፊው «ለምን አልሄዱም» ብለው የሚወቅሷቸው ልጆች አንዳንዶቹ በሩ የተዘጋባቸው ናቸው። ግብ ጠባቂው ኢቫን ፌዶቶቭ ከፊላደልፊያ ጋር ውል ከፈረመ በኋላ በሐምሌ 2022 በሴንት ፒተርስበርግ ተይዞ ለወታደራዊ አገልግሎት ወደ ሰሜን ተላከ፤ ፊላደልፊያ የደረሰው በ2024 ነው። የእሱን መዘግየት ከካፕሪዞቭ መዘግየት ጋር በአንድ ዓምድ ጽፎ አማካይ ማውጣት የሰውን ልጅ ሕይወት ችላ ማለት ነው፤ በዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«የተመለሰ አበቃለት» ለሚለው ቫለሪ ኒቹሽኪን በቂ መልስ ነው። የቼልያቢንስክ ልጅ ነው፤ በ2013 በ10ኛ ተራ በዳላስ ተመርጦ በ18 ዓመቱ ገባ፣ 34 ነጥብ አስመዘገበ፣ በማግሥቱ ዓመት ዳሌው ተጎድቶ ከሜዳ ራቀ። በ2016 ወደ ሲኤስኬኤ ተመልሶ ሁለት ዓመት ተጫወተ። እንደገና ዳላስ ሲመጣ በ2018/19 በ57 ጨዋታ አንድም ግብ አላገባም፤ ክለቡ ቀሪ ውሉን ከፍሎ አሰናበተው። ጸሐፊው ያን ቀን ቢጽፉ ኖሮ ስሙን ከክራቭትሶቭ አጠገብ ባስቀመጡት ነበር። ኮሎራዶ በአንድ ዓመት ውል ወሰደው፤ ግብ ባያገባ እንኳ ፓክ የሚያስመልስ፣ ተጋጣሚን የሚያስጨንቅ አጥቂ ሆኖ አሰለፈው፤ ቀስ በቀስ ግቡም መጣ። በ2021/22 በ62 ጨዋታ 52 ነጥብ አገኘ፣ ስታንሊ ዋንጫ አነሣ፣ በዚያው ክረምት የ8 ዓመት የ49 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ዳላስም ኮሎራዶም በአንድ ሊግ ውስጥ ያሉ ክለቦች ናቸው፤ የተለወጠው የተሰጠው ሥራና ያገኘው እምነት ነው። ክራቭትሶቭ ይህን ዕድል ቢያገኝ ይሳካለት ነበር አልልም፤ ደጋግሞ ሞክሮ አልሆነለትም።

የቀረው «ዘግይቶ የመጣ በታሪክ ቦታ የለውም» የሚለው መዝጊያ ነው። ሼስተርኪን ለሬንጀርስ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ24 ዓመቱ፣ በጥር 2020 ነው፤ በ2022 የሊጉ ምርጥ ግብ ጠባቂ ተባለ። ጸሐፊው በቶሎ መጪነት ያመሰገኑት ኦቬችኪን ራሱ በ2004 በአንደኛ ተራ ከተመረጠ በኋላ፣ ሊጉ በሥራ ማቆም ተዘግቶ ስለነበር አንድ ዓመት በሞስኮው ዲናሞ ከጎልማሶች ጋር ተጫውቶ ነው በ20 ዓመቱ የመጣው፤ በመጣበት ዓመትም 52 ግብ አገባ።

ሚያዝያ 6 ቀን 2025 ኒውዮርክ፣ ኤልሞንት ውስጥ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዋሽንግተን የተጫዋች ቁጥር ብልጫ አግኝቶ ነበር። ቶም ዊልሰን ፓኩን ወደ ግራ አሻገረው፤ ኦቬችኪን ሃያ ዓመት ሙሉ ከቆመባት ከዚያችው ክብ ሆኖ መታው፤ በዌይን ግሬትስኪ ተይዞ የነበረውን የኤንኤችኤል የግብ ክብረ ወሰን የሰበረችው 895ኛዋ ግብ ሆነች። በደረቱ በረዶው ላይ ተንሸራተተ። መረቡን ይጠብቅ የነበረው ሶሮኪን ነው፤ በ2014 በ78ኛ ተራ የተመረጠው፣ በኖቮኩዝኔትስክና በሲኤስኬኤ እስከ 25 ዓመቱ የቆየው ያ ግብ ጠባቂ። ጨዋታው ቆሞ ሥነ ሥርዓቱ ሲደረግ ሶሮኪን የተጫወተበትን ዱላ ይዞ ሄደና ለኦቬችኪን ሰጠው።